«ውርጭ» ባንድና የእድሩ ድንኳን

ራቤል ውስጥ ሮክ የሚጫወት ባንድ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የእኛ «ውርጭ» ነው። ምንይሉ ጊታር እየመታ ይዘፍናል፣ መምህርት ጽናት ቤዝ ጊታር ትጫወታለች። እኔ አትናቴዎስ ነርስ ነኝ፤ ከሥራ በኋላ ድራም እመታለሁ። ምንይሉ ገና ስንጀምር «ተጽዕኖ ፈጣሪዎች እንሆናለን» ብሎ ነበር። በሰባት ዓመት ውስጥ ዘጠኝ ኮንሰርት አዘጋጅተናል። ሦስቱን ዝናብ፣ አራቱን ለቅሶ፣ ሁለቱን አድማጮቹ ራሳቸው አቋርጠውታል።

ለቅሶ የሚያቋርጠን ድንኳኑም፣ አግዳሚ ወንበሩም፣ ድምፅ ማጉያውም የእድሩ ስለሆነ ነው። ሰው ከሞተ ዕቃው ወደ ሟች ቤት ይሄዳል፤ ሦስት ቀንም ዘፈን የሚባል ነገር አይሰማም።

የአሥረኛው ኮንሰርት ቀን ለቅበላው ቅዳሜ ተቆረጠ። ከዚያ በኋላ ሃምሳ አምስት ቀን ጾም ነው፤ ፋሲካ እንዳለፈ ደግሞ ጽናት መርሐቤቴ ውስጥ ወዳለችው ዓለም ከተማ ትዛወራለች። ከቅዳሜ ሌላ ቀን አልነበረንም።

ረቡዕ ጠዋት የእድሩ ሊቀ መንበር አቶ ገሠሠ ጤና ጣቢያ ድረስ መጡ።

«እማማ አማከለች ደክመዋል» አሉኝ። «ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው። ድንኳኑን አትትከሉ፤ ተክሎ መንቀል ሸራውን ይጎዳዋል።»

ምንይሉንና ጽናትን ጠርቼ ሦስታችንም ወደ እማማ ቤት እየሮጥን ሄድን። የልብ ትርታቸውን ቆጠርኩ፤ በደቂቃ ሃምሳ። እጃቸው በረዶ ነው። ጽናት አጥሚት ሠራች፣ ረቡዕ ስለሆነ ያለ ቅቤ። ምንይሉ እግራቸውን ማሸት ያዘ።

እማማ አማከለች አንድ ዓይናቸውን ገለጡ።

«ምንይሉ፣ አምና ወገቤን ሲቆርጠኝ የት ነበርክ?»

«አልሰማሁም እማማ።»

«ዘፈናችሁ መቼ ነው?»

«ቅዳሜ።»

«እስከ ቅዳሜ እንድቆይላችሁ ነዋ!»

ምንይሉ ደነገጠ። «ኧረ እማማ! ከዚያም በኋላ ቢሆን... እንደ ፈቃዱ!»

እማማ ሲስቁ ሳቃቸው ወደ ሳል ተለወጠባቸው። ሳሉ ሲተዋቸው ቀና ብለው ተቀመጡ።

«እንግዲያው ስሙ። የጣሪያዬ ቆርቆሮ ከተነቀለ ሁለት ወሩ ነው፤ በዚህ ብርድ ሐሙስን አላልፍም። ኩበትም አልቋል። በሩም አይገጥምም።»

ሐሙስ ዕለት ምንይሉ ጣሪያ ላይ ዋለ፤ ጽናት ኩበት ተሸከመች፤ እኔ በሩን ጠርቤ አስገጠምኩ። ዓርብ ጠዋት ትርታቸው ስድሳ አራት ገባ።

«ነገ ዶሮ ካልበላሁ የምቆይም አይመስለኝ» አሉ።

ቅዳሜ ዶሯቸውን በልተው፣ በርኖሳቸውን ደርበው መጡና ከፊተኛው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። የሕዝቡ ግማሽ የመጣው እኛን ለመስማት ሳይሆን እሳቸውን ለማየት ነበር። ሦስተኛው ዘፈን ላይ፣ ምንይሉ ጊታሩን ሲያስጮኸው፣ ጎረቤታቸው ወሰኔ ጆሮውን ይዞ ተነሣ። ሌሎችም ሊከተሉት ተነቃነቁ። እማማ ከዘራቸውን አነሡ።

«ቁጭ በል ወሰኔ! እኔ ለዚህ ብዬ ነው ያልሞትኩት!»

ወሰኔ ተቀመጠ። አሥራ ሁለቱም ዘፈኖች እስኪያልቁ አንድም ሰው አልወጣም። በታሪካችን ተጀምሮ ያለቀ የመጀመሪያው ኮንሰርት እሱ ነው። በበነጋው ትርታቸው ሰባ ሁለት ነበር።

ጽናት ከፋሲካ በኋላ ሄደች። ሁለት ሳምንት ሳይሞላት ደወለችልኝ።

«እዚህ አንድ አዛውንት ሕመም ጠንቶባቸዋል። የእማማን ነገር ለእድሩ ሰዎች አጫውቻቸው ነበር። አሁን ‹ያ ባንድ ባስቸኳይ ቀን ይቁረጥልን› እያሉ ነው።»

እስከ መርሐቤቴ ድረስ የጠራን ሰው ኖሮ አያውቅም። ምንይሉ ይህን ሲሰማ «ተጽዕኖ ፈጣሪዎች ሆንን» እንደሚል ገመትኩ።

«ትርታቸው ስንት ነው?» አልኳት።

«እኔ በምን አውቄ!»

«ጣሪያቸውስ?»



«ሁለት ቦታ ተቀዷል።»

«በይ ድንኳኑን አስተክዪ» አልኳት። «ምንይሉ መዶሻውን ይዞ ይመጣል።»