የመናፈሻው አናጢ

አባቴ በሠራሁት ወንበር የሳቀብኝ ዕለት፣ ከታመመ ሰባተኛ ወሩን ይዞ ነበር። በነዚያ ሰባት ወራት አንድም ቀን ሲስቅ ሰምቼው ስለማላውቅ፣ ሳቁ ቢያናድደኝም እንዲያቆም አልፈለግሁም።

አባቴ አናጢ ነው። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ በር፣ መስኮት፣ ቁም ሳጥን፣ አልጋና የትምህርት ቤት ዴስክ ሲሠራ የኖረ ሰው። ሰው ቤት ሲገባ ሰላምታውን ሳይጨርስ እጁ የጠረጴዛውን ሆድ ይዳብሳል። እናቴ በዚህ ጠባዩ ስንቴ እንዳፈረች! «ምሳ ሊያበሉህ እኮ ነው የጠሩህ፣ ዕቃቸውን ልትመረምርላቸው አይደለም» ትለዋለች። እሱ ጆሮ ዳባ ልበስ።

አንድ ጠዋት ወርክሾፑ ውስጥ መላጊያው ከእጁ ወደቀ። ሊያነሳው ቢያጎነብስ ቀኝ እጁ አልታዘዝ አለው፤ ሊጣራ ቢል ምላሱ ተሳሰረ። ደግነቱ ሐኪም ቤት በጊዜ ደረሰ። እግሩም አንደበቱም ቀስ በቀስ ተመለሱ፤ ቀኝ እጁ ግን ማንኪያ ከመያዝ አላለፈም። ወርክሾፑን ዘጋና ቁልፉን እናቴ ቦርሳ ውስጥ ጣለው። ከዚያ በኋላ ሥራው መስኮት ዳር ተቀምጦ መንገደኛ መቁጠር ሆነ።

እኔ አንዲት ልጁ ነኝ። ልጅ ሳለሁ ቀጭንና ረጅም ስለነበርኩ «ሚስማሬ» ብሎ ሰየመኝ፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ሞልቶኝም ሚስማር ሆኜ ቀረሁ። ቀን ቀን ማተሚያ ቤት ነው የምሠራው፤ በማር ማሰሮና በሳሙና ካርቶን ላይ የሚለጠፈውን ወረቀት አሳምራለሁ። ከሥራ መልስና ቅዳሜ ግን ሌላ ሥራ አለኝ፤ ሥራ ካልነው። የመዝናኛ ፓርክ የሚገነባበት የኮምፒውተር ጌም አለ። ተጫዋቹ ባዶ መሬት ይሰጠዋል፤ መንገድ ይዘረጋል፣ የሚሽከረከሩ ፈረሶች ይተክላል፣ ባቡር ያስኬዳል። ከዚያ ጎብኚዎቹ፣ ማለት ጣት የማያክሉት የስክሪን ሰዎች፣ በበሩ እየተጋፉ ይገባሉ። ችግሩ ከጌሙ ጋር የሚመጣው ዕቃ ጥቂት ስለሆነ የሁሉም ሰው ፓርክ መልኩ አንድ ይሆናል። ስለዚህ እንደኔ ያሉ ሰዎች በሌላ ፕሮግራም የራሳችንን ዕቃ እንሠራለን፤ የመብራት ምሰሶ፣ የአበባ መደብ፣ የቲኬት ቤት፣ አጥር፣ ድልድይ። ሠርተን ኢንተርኔት ላይ እንለቀዋለን፣ የወደደው ወስዶ ፓርኩ ውስጥ ይተክለዋል። ቤታችን ውስጥ ግን ይሄ ሁሉ በአንድ ቃል ነበር የሚጠራው፤ «ጨዋታ»።

ያን ቅዳሜ እናቴ እህቷ ዘንድ ሄዳለች። አባቴ መንገደኛው ሰለቸው መሰለኝ፣ ከዘራውን ተደግፎ መጥቶ ከኋላዬ ቆመ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለኝ።

«ወንበር ነዋ አባዬ። የመናፈሻ አግዳሚ።»

ጎንበስ ብሎ ስክሪኑን ካየ በኋላ ነው የሳቀው። «እግሩ እኮ መቀመጫውን አልያዘውም! አጠገቡ ቆሞ ያየዋል እንጂ። ሰው ቢቀመጥበት ጉድ ይፈላል።»

«ሰው አይቀመጥበትም። ሥዕል ነው።»

«ካልተቀመጡበት ወንበር ምን አስባለው?»

እንዲያውም ይቀመጡበታል፤ የጌሙ ጎብኚዎች ሲደክማቸው አግዳሚ ፈልገው ያርፋሉ። ይየው ብዬ ወንበሬን ለሙከራ የያዝኩት ፓርክ ውስጥ ተከልኩት። ፊኛ የያዘ ወፍራም ሰውዬ መጣና ተቀመጠ። የተቀመጠው ግን ወንበሩ ውስጥ ነው፤ ወገቡ ድረስ ጣውላው ውስጥ ሰምጦ ፊኛውን ይዞ ያየናል። ቀጥላ የመጣችው ሴትዮ ሌላኛው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ እሷም ከወገቧ በላይ ብቻ ቀረች።

አባቴ የበሩን መቃን እስኪይዝ ሳቀ። እንባው ወረደ። «ዋጣቸው! ሚስማሬ፣ ወንበርሽ ሰው ይበላል!»

ከዚያ ሌላ ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ። «ቁመቱን ስንት አደረግሽው?»

«ስልሳ ሳንቲም።»

«ለግመል ነው የሠራሽው?» አለና በግራ እጁ የራሱን እግር ከመሬት እስከ ጉልበቱ ሥር ለካልኝ። «አርባ አምስት። ሰው የሚባለው ሁሉ እዚህ ጋ ነው የሚታጠፈው። መደገፊያውን ትንሽ ወደ ኋላ ጣል አድርጊው፤ ቀጥ ካለ ችሎት ፊት የቀረበ ሰው ያስመስላል። በጣውላዎቹ መካከል ደግሞ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ተዪ።»

«ክፍተቱ ለምን?»

«ዝናቡ የት ይሂድ? እዚህ አገር ዝናብ የለም?»

ጌሙ ውስጥ ዝናብ አለ። ክፍተቱን ተውኩ። እሱ ይናገራል፣ እኔ ማውዙን አንቀሳቅሳለሁ፤ ምሳ ሰዓት ማለፉን ሁለታችንም አላወቅንም። በመጨረሻ ወንበሩን መልሰን ስንተክለው አንዲት ቦርሳ ያንጠለጠለች ጎብኚ መጥታ ተቀመጠች፤ ጣውላው ላይ በትክክል፣ እግሯን መሬት አስነክታ። አባቴ ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብሎ አያት።

«ተመቻት» አለ።

ከሰኞ ጀምሮ ከሥራ ስመለስ ጺሙን ተላጭቶ የሚጠብቀኝ ሆነ። ከማተሚያ ቤት የማመጣቸው የተበላሹ ወረቀቶች ጀርባ ላይ በግራ እጁ ይስላል። መስመሩ እንደ ሰካራም ቢንገዳገድም ጎኑ የሚጽፋት ቁጥር አትሳሳትም። የሳለው የሙዚቃ ዳስ ነበር፤ ስምንት ጎን ያለው፣ ሙዚቀኞች የሚጫወቱበት የእንጨት ዳስ፣ ከላዩ ሾጣጣ ጣሪያ የደፋ። ዕድሜውን ሙሉ እንዲህ ያለ ነገር መሥራት ሲመኝ አንድም ያዘዘው ሰው እንዳልነበረ ያኔ ነገረኝ። «ሰው በር ነው የሚፈልገው» አለኝ።

የጣውላዎቹን መልክ ከየት እናምጣ ስንባባል፣ ተነስቶ እናቴን ቁልፉን ጠየቃት። እሷም ቦርሳዋን ከፍታ ሰጠችው፤ ፊቷን ግን ወደ ጓዳ አዞረች። ወርክሾፑ አቧራ ለብሷል። አባቴ እርጥብ ጨርቅ አስይዞኝ ከጥግ የተደገፉትን ጣውላዎች አንድ በአንድ አስወለወለኝ፤ እንጨት ሲረጥብ መስመሩ ፍንትው ብሎ ይወጣል። «ያንን አንሺው፣ አንጓ ያለበትን። ያኛውን ተዪው፣ እሱ ድሮም አመለኛ ነው።» በስልኬ አርባ ፎቶ አነሳሁ። ዳሳችንን ስክሪኑ ላይ እንደ ቆዳ ያለበስነው እነዚያን ፎቶዎች ነው።

አምስት ሳምንት ፈጀብን። እሱ እንጨት ከእንጨት የሚነካከስበትን እያንዳንዱን ቦታ እንደ ልማዱ አሠራኝ፤ ጥርሱን፣ ጉድጓዱን፣ የሚያስረውን የእንጨት ችንካር፣ ሁሉንም። ሲያልቅ ጌሙ ውስጥ አስገባሁት። ኮምፒውተሩ እንደ ጀበና ተንፈቀፈቀና ቀጥ አለ። ጎብኚዎቹ አንድ እግራቸውን እንዳነሱ ቀሩ።

ምን እንደሆነ አስረዳሁት። ጌሙ ውስጥ ያለ ማንኛውም ዕቃ ከትንንሽ ባለሦስት ማዕዘን ቁራጮች የተገጣጠመ ነው፤ ቁራጩ ሲበዛ ኮምፒውተሩ መሸከም ያቅተዋል። የመብራት ምሰሶ አምስት መቶ ያህል ይበቃዋል። የኛ ዳስ ሁለት መቶ አሥር ሺህ ደርሷል።

«እና ምን ይደረግ?»

«ከውስጥ ያለውን፣ የማይታየውን ሁሉ ማውጣት ነው» አልኩት።

ፊቱ ጠቆረ። «ሠላሳ ስምንት ዓመት የቁም ሳጥን ጀርባ ስልግ ኖሬ፣ ዛሬ የማይታየውን ተው ትዪኛለሽ? ይሄ ማጭበርበር ነው።» ከዘራውን አንስቶ ወጣ።

ሁለት ቀን ክፍሌ ድርሽ አላለም። «ምን አልሽው?» አለችኝ እናቴ። «ዛሬም መስኮቱ ጋ ተጎልቶ ነው የዋለው።» ዳሱን እንዳለ ላስቀምጠው፣ ማንም ባይጠቀምበትም ለኛ ይቅር ብዬ ልነግረው አስቤ ነበር። በሦስተኛው ቀን ግን ከሥራ ስገባ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት።

«የቁም ሳጥኑን ጀርባ ለምን እንደምልገው ሳስብ ነበር» አለኝ። «ሰው አንድ ቀን ቤት ይቀይራል፣ ሳጥኑን ከግድግዳ ይስባል፣ እጁን እሾህ እንዳይወጋው ነው። እዚህ ዳስ ውስጥ እጁን የሚሰድ አለ?»

«የለም አባዬ። ጎብኚው ከታች ያየዋል፣ ተጫዋቹ ከላይና ከጎን።»

«አንድ ጊዜ ደግሞ ለትምህርት ቤት ቲያትር የቤት ፊት ሠርቼ ነበር። አራት ሰው በሁለት ደቂቃ ከመድረክ አንስቶ ማውጣት ስለነበረበት በስተኋላው ባዶ ነው፣ ከፊት ግን ያየው ሁሉ በሩን ማንኳኳት ያምረው ነበር። ያኔ አጭበረበርክ ያለኝ የለም። ማቅለሉ ራሱ ሥራው ነበር።» ወንበሩን ወደ ስክሪኑ ሳበና፣ «ክፈቺው፤ እኔ እያየሁ ነው የሚወጣው» አለ።

እንጨት በእንጨት ሄድንበት። ከሥር ቆሞ ቀና የሚል ሰው የሚያየው ይቆያል፣ ሌላው ይወጣል። ጥርሶቹ ወጡ፣ የተነካከሱበት መስመር ግን በጥላ ቀረ። ችንካሮቹ ወጡ፣ ጫፋቸው ግን በቀለም ቀረ። ስምንቱን የጣሪያ ተሸካሚዎች ሊያስነካኝ አልፈቀደም። ዘጠኝ ሺህ ላይ ስንደርስ እጁን ጠረጴዛው ላይ አሳርፎ፣ «ከዚህ በታች አንዲት አልወርድም» አለ፤ ከሻጭ ጋር የሚከራከር ይመስል። ጌሙን ከፈትኩ። ዳሱ ቆመ፣ ጎብኚዎቹም ሄዱ። ሙዚቀኞቹ ገብተው መሣሪያቸውን አወጡ።

ዕቃ ስንለቅ «ሠሪው» የሚል ሳጥን ይሞላል። ምን ልጻፍ ብዬ ጠየቅሁት።

«የሠራሁት ዕቃ ላይ ስሜ ተጽፎ አያውቅም» አለ። «በሩን ከፍተው ይገባሉ እንጂ ማን ሠራው ብሎ የሚጠይቅ የለም።» ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገና፣ «አናጢውና ልጁ ብለሽ ጻፊ» አለኝ።

በመጀመሪያው ሳምንት አራት ሺህ ሰው ወሰደው። ምስጋናው ብዙ ነበር፤ «ቆንጆ ነው»፣ «ግሩም ነው» የሚል። አባቴ እነዚያን ሳነብለት አንገቱን ነቅነቅ ያደርግና ያልፋል። አንዱ ግን ከሩቅ አገር አንዲት ሴት የጻፈችው ነበር፤ የእንጨት ድልድይ ጠጋኝ ነኝ ትላለች። ተርጉሜ አነበብኩለት። «የጣሪያውን ተሸካሚዎች ቀርቤ አየኋቸው። የእንጨቱ መስመር ሸክሙ በሚወርድበት አቅጣጫ ነው የሚሄደው። ይሄን ኮምፒውተር ብቻ የሚያውቅ ሰው አያደርገውም። አናጢው መጋዝ የያዘ ሰው ነው። ሰላም በሉልኝ።»

«ድገሚው» አለኝ። ደገምኩት። «አቅጣጫውን አየችው?» አለ። «በሕይወቴ አንድ ደንበኛ አይቶልኝ አያውቅም እኮ!» ሦስተኛ አስነበበኝና ተነስቶ ክፍሉን ዞረ፤ ከዘራውን ረስቶት።

በወሩ አንድ ቅዳሜ፣ ብዙ ሺህ ሰው የሚከታተለው ተጫዋች የሠራውን ፓርክ በቀጥታ ሲያሳይ ዳሳችንን መሐል አደባባዩ ላይ ተክሎት ነበር። እናቴም መጥታ አልጋዬ ላይ ተቀምጣ አየች። ሦስት መቶ የሚሆኑ ጎብኚዎች ከበውታል። ሰውየው ካሜራውን ከጣሪያው ሥር አስገብቶ ቀና አደረገውና ያ ስምንት ተሸካሚ ጫፉ ላይ ሲገናኝ ታየ።

እናቴ አፏን በእጇ ያዘች። «ያ ያንተ ነው?» አለችው።

«የኛ ነው» አላት አባቴ። «ዕቅዱ የኔ፣ እጁ የሷ።»

ሠላሳ አንድ ዓመት ልጁ ሆኜ፣ ከመዶሻው ሥር ቁጭ ብዬ አድጌ፣ ሥራዬን ከሥራው እኩል ሲጠራ ያን ቀን ነው የሰማሁት። እናቴ ወዲያው ስልኳን አንስታ እህቷ ጋ ደወለች። ሦስት መቶው ሰው በአፏ ገና በመጀመሪያው ደቂቃ ሦስት ሺህ ሆነ። ለጎረቤታችን ስታወራ ደግሞ ሠላሳ ሺህ ገብቷል፤ አባቴ ቢሰማም ሊያርማት አልፈለገም።

ቀኝ እጁ ዛሬም ከማንኪያ አላለፈም፤ ያልሆነውን ሆነ አልልም። ወርክሾፑ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ይከፈታል፤ ኮምፒውተሬን እዚያ ወስደነዋል። ከየአገሩ ሥራቸውን የሚልኩልን ዘጠኝ ሰዎች አሉ፤ አንዱ የሰዓት ማማ፣ አንዷ የባቡር ጣቢያ፣ ሌላው የውሃ መንኮራኩር። ከመልቀቃቸው በፊት አናጢው ይይልን ይላሉ። እሱ ያያል፣ ይቆጣል፣ ያመሰግናል፤ እኔ እጽፋለሁ።

ባለፈው ሳምንት የሰዓት ማማውን የሚሠራው ሰው ደብዳቤውን «የተከበሩ መምህሬ» ብሎ ጀመረ። አነበብኩለት። አባቴ የሸሚዙን ኮሌታ አስተካከለ፤ ፈገግታው አልደበቅ ስላለው ወደ ጣውላዎቹ ዞር አለ።

«እንዲህ ብለሽ ጻፊለት» አለኝ ጀርባውን እንደሰጠኝ። «የማማው በር ወደ ውስጥ ሲከፈት ደረጃውን ይመታል፤ ማጠፊያውን ወደ ሌላው ጎን ያዙረው። እሱን ካስተካከለ በኋላ መምህሬ ይበለኝ።»