ደህና ነኝ ጌታዬ

ጤና ኬላው ላይ ሁለት ጊዜ እኔን ደጅ አስቀምጠው ልጄን ብቻውን ጠየቁት። ፊደል ያልቆጠረች አሮጊት ምን ታውቃለች ብለው ነው። ጉማን ሲንግን የወለድኩት እኔ፣ ከጦር ሜዳ ሲመለስ የተቀበልኩት እኔ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ ሲቁነጠነጥ የማየው እኔ። ስለ እሱ የሚጠየቀው ግን የጤና ኬላው ወረቀት ነው።

ልጄ በረዷማ ተራራ ላይ ከተደረገው ጦርነት ሲወርድ እጁም እግሩም ሙሉ ነበር። ስለዚህ ሰው ሁሉ ተርፏል አለ። ዘንድሮ መንገድ ሠሪዎቹ ቋጥኙን በፈንጂ መናድ ሲጀምሩ ግን በየቀኑ ከምናልባቸው ጎሾች በረት ይገባ ጀመር። እበት ላይ በደረቱ ተኝቶ የሞቱ ጓደኞቹን በስም ይጠራል። ዘመዶቻችን የሙት መንፈስ ይዞት ነው አሉና መንፈስ የሚያስለቅቅ ከበሮ መቺ አስመጡ፤ እኔም እሺ አልኩ፣ ሞኝነቴ ነው። ከበሮው ገና ሲመታ እርከኑን ዘሎ ጠፋ፤ እስኪመሽ ፈለግነው። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ሚስቱ ልታነሳው ብትጠጋ ማጭድ መዘዘባት። ልጆቿን ይዛ እናቷ ዘንድ ሄደች።

ሐኪሙ ያለው ከተማ ነው፤ በጂፕ ስድስት ሰዓት ያስኬዳል። ስለዚህ በየሁለት ወሩ በጤና ኬላው ስክሪን ላይ ይመጣል። ሁለቴም «ጤነኛ» ብሎ ጻፈ። ነርሷ ዲክሻ እንደነገረችኝ፣ ሦስተኛውም እንዲሁ ከሆነ ፋይሉ ይዘጋል። ከዚያ በኋላ ሐኪምም መድኃኒትም የለም።

በሦስተኛው ቀጠሮ ቀን ደጅ መቀመጥ አቃተኝ። ተነሳሁ፣ ተቀመጥኩ፣ ደግሞ ተነሳሁ። መጋረጃውን ገልጬ ገባሁ። ዲክሻ «እማማ፣ የሚፈቀደው ለታማሚው ብቻ ነው» አለችኝ። ስትወለጂ ማን እንደተቀበለሽ እናትሽን ጠይቂ አልኳትና አለፍኳት።

ያኔ ነው ያየሁት። ሐኪሙ ኮሎኔል ነው። ትከሻው ላይ ኮከብ፣ ደረቱ ላይ ሪባን። ልጄ ወንበሩን ትቶ፣ ተረከዙን አጋጥሞ እንደ ግንድ ቆሟል። እንቅልፍ ይወስድሃል ወይ ሲለው፣ ደህና ነኝ ጌታዬ። ትቆጣለህ ወይ ሲለው፣ የለም ጌታዬ። ቤተሰብስ ሲለው፣ ደህና ናቸው ጌታዬ። ሱሪው ጉልበቱ ላይ እበት ደርቆበታል፤ ስክሪኑ ግን ከደረት በታች አያሳይም።

የእኛ መንደር ወንዶች ጢማቸው ሳይወጣ ነው ወታደር ቤት የሚቀጠሩት። መኮንን ፊት አመመኝ ማለት አያውቁም፤ እግራቸው ተቆርጦም ደህና ነኝ ነው መልሳቸው። ይህን የመንደራችን ሕፃን ሁሉ ያውቃል። ከተማ ያለው ሐኪም አያውቅም።

ኮሎኔሉ ብዕሩን ሲያነሳ ስክሪኑ ፊት ተገተርኩ። ማን ናት አለ። ልጄም «እናቴ ናት ጌታዬ፣ ይቅርታ ጌታዬ» አለ። በረቱን፣ ማጭዱን፣ የሄደችውን ምራቴን፣ ሁሉንም ነገርኩት። ኮሎኔሉ ብዕሩን አስቀመጠ። ከዚያ ልጄን በማዕረጉ ጠራው።

«ሃቪልዳር፣ እናትህ ያሉት እውነት ነው?»

«አይደለም ጌታዬ።»

«ሰማህ?» አልኩት ኮሎኔሉን። «ሺህ ጊዜ ብትጠይቀው መልሱ ይኸው ነው። ሐኪም ከሆንክ ያንን ኮከብ አውልቅና ሹራብ ልበስ። ሃቪልዳር አትበለው፣ ወንድሜ በለው። መጀመሪያ ተቀመጥ በለው፤ እስኪቀመጥም ጠብቅ። እኔም አጠገቡ እቀመጣለሁ። ከዚያ እንደ አዲስ ጠይቀው። ከሁለት ወር በኋላ ሳይሆን አሁኑኑ፣ እኔ እዚሁ እያለሁ።»