የጥቁሩ ቋጥኝ እንሽላሊት

ጓደኞቿ አገቡ፣ ወለዱ፣ ወፈሩ፤ ተመራማሪዋ ግን ከቋጥኝ ቋጥኝ ስትንከራተት ስድስት ዓመት ሄደ። እህቷ በስልክ «አንቺ፣ እንሽላሊት ልታገቢ ነው እንዴ?» እያለች ትቀልድባት ነበር። በኋላ መቀለዱንም ተወችው፤ እሱ ነው የባሰው።

ልፋቷስ መና አልቀረም! ከጥቁሩ ቋጥኝ ይዛ የለቀቀቻት እንሽላሊት ዲኤንኤ ሲነበብ፣ በዘር ሐረጉ ሥዕል ላይ ከሌሎቹ ሁሉ ተነጥላ ለብቻዋ ወጣች። ዘሯ ከዘመዶቿ ከተለያየ ሁለት ሚሊዮን ዓመት ሆኖታል። ጉድ እኮ ነው! አሁን የቀረው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ ሌላ አለ ወይ? ከሌለ፣ እሷ የሞተች ቀን ዘሩም አለቀለት።

በዓመቱ እዚያው ቋጥኝ ላይ ሁለተኛዋን ያዘች። የዚችኛዋ ጅራት አጠር ያለ፣ ቀለሙም የደበዘዘ ነው። «ወፍ ነጭቶብሽ ነው አይደል፣ የኔ እናት?» አለቻት። እንደ ልማዷ ከጅራቷ ጫፍ ትንሽ ቆርጣ ብልቃጥ ውስጥ ከተተችና ለቀቀቻት። ያን ቀን መኪናዋ ውስጥ ብቻዋን እየዘፈነች ወደ ቤቷ ገባች።

ውጤቱ ዛሬ ደረሰ። ዲኤንኤውን የሚያነብላት የኮምፒውተር ባለሙያ ሲያዩት የሚያስቅ ሰው ነበር፤ ዛሬ ግን ቀና ብሎም አላያትም።

«ዶክተርዬ፣ ሁለቱ ናሙናዎች አንድ ናቸው።»

«አንድ ዘር ናቸው ማለትህ ነው?»

«አይደለም። አንዲት እንሽላሊት ናት። በምንም አይለያዩም።»

«ተቀላቅሎብህ ይሆናላ!»

«ሦስቴ ደገምኩት እኮ።»

ወንበር ስባ ተቀመጠች። ያኔ ነው የገባት። የተቆረጠ ጅራት ደብዝዞ መልሶ እንደሚያድግ ለተማሪ ስታስተምር ነው ዕድሜዋን የፈጀችው። ያን ጅራት የቆረጠው ወፍ ሳይሆን፣ መጀመሪያ ስትይዛት እሷው ራሷ ነበረች፤ ለዚያውም በገዛ መቀሷ! እንዴት ይጠፋታል? ጓጉታ ነዋ። ሁለት እንዲሆኑላት ስለፈለገች ሁለት አየች።

የተገኙትን እንሽላሊቶች ቁጥር የምትመዘግብበትን ሰንጠረዥ ከፍታ ሁለት የሚለውን አጠፋችና አንድ ብላ ጻፈች። ከዚያ ተነስታ ቦርሳዋን አነገተች።

«ወዴት ነው?» አላት ባለሙያው።

«ቋጥኙ ጋ።»

«ደግሞ ምን ልትቆርጪ?»

«ምንም አልቆርጥም። ብቻዋን እኮ ናት፤ ማን ይጠይቃታል?» አለችና፣ ለማን እንደሆነ ለራሷም ሳይታወቃት አለቀሰች።