የአዘቦት ፀጉር

"ትኩሳቱ ከአልጋ አላስነሳኝም፤ በናትሽ ይቅር በይኝ" አለች ሞዴል ልትሆናት የነበረችው ልጅ በስልክ፣ በተዘጋ አፍንጫ። ሙሽሪት ስልኩን ከጆሮዋ ሳታነሳ የፈተና ማዕከሉ በር ላይ የተሰቀለውን ሰዓት አየች። ለሦስት ሩብ ጉዳይ። ፈተናው ሦስት ሰዓት ላይ ይጀምራል፤ ፀጉሯን የምታሠራ ሞዴል ይዞ ያልቀረበ ተፈታኝ ደግሞ እንደወደቀ ይቆጠራል። የፈሩት ይደርሳል የሚባለው እንዲህ ያለ ጠዋት ነው።

ይህ ሦስተኛውና የመጨረሻው ሙከራዋ ነበር። በምትሠራበት ፀጉር ቤት ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው ፀጉር አጥባለች፣ ወለል ጠርጋለች፤ የሙያ ፈቃድ ሳይኖራት ግን ከወንበር ጀርባ ቆማ ማበጠሪያ መያዝ አይፈቀድላትም። ዛሬ ከወደቀች ሥልጠናውን ሀ ብላ ትጀምራለች፣ እንደገና አንድ ዓመት። የሚያናድደው ደግሞ ሁለት ጊዜ የወደቀችው ስለማትችል አልነበረም፤ አብዝታ ስለምትችል ነው። ፈተናው የሚጠይቀው ለመፀው ወራት የሚሆን፣ ነፋስ የማይበትነው፣ ደንበኛዋ ነገ ጠዋት ቤቷ ሆና ራሷ የምትሠራው ቀላል የአዘቦት ፀጉር ነው። የእሷ እጅ ግን ማበጠሪያ ከነካ አያርፍም። ጉንጉን በጉንጉን ላይ ትደርባለች፣ ታጥፋለች፣ ትጠቀልላለች፤ ገበያ ልትወጣ የተቀመጠችውን ሴት ለሠርግ አድርሳ ታስነሳታለች። ጓደኞቿ ሙሽሪት ያሏትም ለዚህ ነው። ያለፉት ሁለት ሞዴሎች ፀጉራቸውን ፈትተው ራሳቸው እንዲሠሩት ሲታዘዙ አንዷ ሳቀች፣ አንዷ አለቀሰች።

አጠገቧ አማቷ ቆመዋል። የመጡት ለፈተናው አይደለም። ቀኝ ትከሻቸው ከተያዘ ስምንት ወሩ ነው፤ የሚታሹበት ክሊኒክ ከማዕከሉ ጋር አጥር ይጋራል። ጡረታ የወጡ የመዝገብ ቤት ኃላፊ ናቸው። ሠላሳ ዓመት ፋይል ሲለዩ ስለኖሩ ሰውንም እየለዩ ያስቀምጣሉ፤ ምራታቸውን ያስቀመጡት ምንም ነገር ከማይሳካላቸው ሰዎች ጋር ነበር። ክንዳቸው አልነሳ ካለ ወዲህ ፀጉራቸውን በሻሽ ጠቅልለው ይዘውታል። ሙሽሪት አንድ ሁለቴ "ልሥራልዎ" ብላ ነበር፤ "ሕፃን አይደለሁም" ተብላ ተመለሰች።

"ምን አለች?" አሉ አማት።

"ታምማለች። አትመጣም።"

"ታዲያ ሌላ ሰው ጥሪያ!"

"በሩብ ሰዓት ከየት ላምጣ እማማ? ከሰማይ?"

አማት መንገዱን ወደ ላይ ወደ ታች አዩት። ነፋሱ የደረቀ ቅጠል ከአቧራ ጋር እያንከባለለ ነው፤ የምታልፈው ሴት ሁሉ ፊቷን ሸፍና ትሮጣለች። አማት ሻሻቸውን በግራ እጃቸው ነካ አደረጉ።

"እኔስ ፀጉር የለኝም?" አሉ ድንገት።

"አለዎት... ግን ቀጠሮዎ?"

"ስምንት ወር የጠበቀ ትከሻ አንድ ሰዓት ቢጠብቅ አይሞትም። ግቢ እንጂ! ልጄ ማታ ካለበት አገር ደውሎ ምን ሆነች ሲለኝ በር ላይ ቆማ አለቀሰች ልለው ነው?"

አዳራሹ ውስጥ ስምንት ወንበር፣ ስምንት መስታወት ተደርድሯል። ፈታኟ ቀጠን ያሉ ረጅም ሴት ናቸው፤ ሰዓት በክር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለዋል።

"ሃያ ደቂቃ ለእናንተ" አሉ። "ከዚያ ሞዴሏ ፈትታ ራሷ ትሠራዋለች፣ አምስት ደቂቃ ለእሷ። ያን ጊዜ እጃችሁን ወደ ኋላ! በአፍ መምራት ይቻላል፤ በጣት የነካ ወደቀ። ጀምሩ።"

ሻሹ ሲፈታ ሙሽሪት አፏን ይዛ ቀረች። አራት ዓመት አንድ ቤት ኖረው አንድም ቀን ተፈትቶ አላየችውም። ጀርባ የሚሞላ፣ ወፍራም፣ ብርማ ሽበት ነው።

"እንዲህ ያለ ፀጉር ነው የደበቁኝ?"

"አትቀላምጂ፣ ሥሪ። ደግሞ አትጎትቺ።"

እንዲህ ያለ ፀጉር አግኝታ እጇ እንዴት ይረፍ? ከግንባር ሁለት ጉንጉን አወረደች፣ አዙራ አናት ላይ ጠቀለለችው፣ በማስያዣ ወጋችው። ሽበቱ አናታቸው ላይ ዘውድ ሆኖ ተቀመጠ። ከጎኗ ያለው ተፈታኝ አንገቱን አስግጎ አየና "ሙሽሪት ዛሬስ ንግሥት ልታነግሥ ነው" አለ። ደስ አላት። ቀና ብላ መስታወቱን ስታይ ግን ዓይኗ ያረፈው ዘውዱ ላይ ሳይሆን የአማቷ ጭን ላይ በተቀመጠው ቀኝ እጅ ላይ ነበር።

"እማማ፣ ክንድዎን እስኪ ያንሡት።"

እጁ ደረታቸውን አልፎ አንገታቸው ሥር ደረሰና ቆመ። ፊታቸው ተቋጠረ።

"ይኸው ነው። ከዚህ በላይ ካሰኘሽ ሌላ አማት ፈልጊ።"

ግድግዳው ላይ ባለው ሰዓት ስምንት ደቂቃ ቀርቷታል። ሙሽሪት ዘውዱን አየችው። በሕይወቷ እንዲህ ያማረ ሠርታ አታውቅም። ከዚያ ማስያዣዎቹን አንድ በአንድ ትነቅል ጀመር።

"አበድሽ እንዴ?" አለ የጎኗ ሰው።

"ምን እያደረግሽ ነው?" አማት በመስታወቱ ውስጥ አፈጠጡ። "አምሮብኝ አልነበር?"

"አምሮብዎት ነበር። ግን እሱ የእኔ እንጂ የእርስዎ ፀጉር አይደለም።"

"በይ እንግዲያው ተረጋጊ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።"

ተረጋጋች። እጅ ወደ ራስ አልወጣ ካለ ራስ ወደ እጅ መውረድ አለበት፤ ሌላ መንገድ የለም። አማቷን ወደ ቀኝ አዘንበል አደረገቻቸውና ፀጉሩን በሙሉ በአንድ ትከሻ ላይ አውርዳ ደረታቸው ላይ አስተኛችው። ለሁለት ከፈለችው፣ አንዱን በሌላው ላይ ገመድ አድርጋ ጠመዘዘችው፣ ጫፉን ወደ ላይ አጠፈችና በሰፊ ላስቲክ አሰረችው። ጆሮ ግንዳቸው አጠገብ ያፈተለኩትን ጥቂት ፀጉሮች ለመሰብሰብ እጇን ሰደደችና መልሳ ሰበሰበችው። ነፋስ መበተኑ ካልቀረ ተበትነው ይጠብቁት።

"እጅ ወደ ኋላ!" አሉ ፈታኟ። "ሞዴሎች፣ ፍቱ!"

የመጀመሪያው ሙከራ አልሆነም። አማት ጠመዘዙት፣ ተተረተረ። ደግመው ጠመዘዙት፣ ላስቲኩ አምልጦ ወንበር ሥር ገባ። ፈታኟ ሰዓታቸውን አዩ። ሙሽሪት ጥፍሯን መዳፏ ውስጥ ቀብራ ቆማለች፤ ጣቶቿ ወደ ፊት ካልሄድን እያሉ ይታገሏታል።

"ገመድ እንደሚፈትሉ ያድርጉት እማማ።"

"ገመድ ፈትዬ አላውቅም!" አማት ላቡ በግንባራቸው ወርዷል። "እኔ ወረቀት ነው የማውቀው።"

ሙሽሪት ወደ ጆሯቸው ጎንበስ አለች።

"የተበተነ ፋይል ሲያስሩ መጀመሪያ ምን ያደርጋሉ?"

"መጀመሪያማ ጠርዙን አስተካክላለሁ።"

"ያስተካክሉት። ከዚያስ?"

"በአንድ እጅ ደረቴ ላይ ተጭኜ እይዛለሁ፣ በሌላው ክሩን አዙሬ እጠመዝዛለሁ።" እያሉ ቀኝ እጃቸው ያዘ፣ ግራው ጠመዘዘ። "ከዚያ ጫፉን አጥፌ... እስኪ ላስቲኩን አምጡልኝ!" ፈታኟ ከወንበሩ ሥር አንስተው አቀበሏቸው። "አጥፌ እንዳይላላ ጥብቅ!"

ጠበቀ። አርባ ሰከንድ ተርፏቸዋል። አማት መስታወቱን አዩ፣ ጎናቸውን አዩ፣ እንደገና መስታወቱን አዩ። ዓይናቸው በእንባ ሞላ።

"እኔ ነኝ የሠራሁት" አሉ፤ ቀስ ብለው የተናገሩ መስሏቸው ነበር፣ አዳራሹ በሙሉ ሰማ። ከዚያም ማንም ሳያዛቸው ለራሳቸው አጨበጨቡ።

ፈታኟ ስምንቱንም ሞዴሎች ግቢ አውጥተው ነፋሱ መሃል ሁለት ዙር አስኬዷቸው። አንዷ ማስያዣዋን ከአፈር ስትለቅም፣ ሌላዋ ፀጉሯን ከአፏ ስታወጣ፣ አማት እንደ ወታደር ቀጥ ብለው ዞረው ገቡ። ነፋሱ ያደረገው ነገር ቢኖር ጥቂት ሽበት ግንባራቸው ላይ መጨመር ነው፤ ያም አማረባቸው። ፈታኟ ላስቲኩን በጣታቸው ሳብ አድርገው ሞከሩት፣ ወረቀታቸው ላይ ጻፉ።

"አልፈሻል" አሏት። "የጎደለሽ ማወቅ አልነበረም፤ ማቆም ነበር።"

"አልፋችኋል ይበሉ እንጂ!" አሉ አማት።

ሙሽሪት ሳቀች፣ አለቀሰች፣ አማቷን አቀፈች፣ "ትከሻዬን!" ሲሉ ለቀቀቻቸው፣ መልሳ በግራ በኩል አቀፈቻቸው። በአራት ዓመት ውስጥ እንዲህ ሲተቃቀፉ የመጀመሪያቸው ነው።

ፈቃዱ ላይ የሚለጠፈውን ፎቶ እዚያው በኮሪደሩ ጫፍ ያለ ፎቶ አንሺ ያነሳል። ተራዋ ሲደርስ አማት ክንዷን ያዙ።

"በዚህ ጎፈሬ ነው የምትነሺው? የራስሽን ማን ያየዋል! ነይ፣ ቁጭ በይ።"

ኮሪደሩ ውስጥ ያለ አግዳሚ ላይ ተቀመጡና ምራታቸውን ወለሉ ላይ፣ እግራቸው ሥር አስቀመጧት። ራሷን ጭናቸው ላይ አጋደሙ። ጎተቱ፣ አስተካከሉ፣ ያዙ፣ ጠመዘዙ። ሙሽሪት ዓይኗ እንባ እስኪያቅር ቢያማትም ራሷን ከጭናቸው አላነሳችም።

"ጨረስኩ። ሂጂ።"

ፎቶ አንሺው በካሜራው አጮልቆ አየና ቀና አለ።

"እህቴ፣ ጠማማ ነው እኮ። አንዱ ጎን ወጥቷል። ያውልሽ መስታወት፣ አስተካክይው። ፀጉር ሠሪ ነሽ፤ ይሄ አምስት ዓመት ግድግዳ ላይ ነው የሚሰቀለው።"

ሙሽሪት መስታወቱን አየች። እውነቱን ነው፤ ገመዱ ወደ አንድ ጎን ሸፍፏል፣ ከጆሮዋ ኋላም አንድ ዘለላ አምልጧል። ሁለት ማስያዣ፣ ግማሽ ደቂቃ፣ አለቀ። በሩ ላይ አማቷ ትከሻቸውን እያሹ፣ አንገታቸውን ዘመም አድርገው፣ የሠሩትን ከሩቅ ይገመግማሉ፤ ፊታቸው ላይ እርካታ ይነበባል።

እጆቿን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች።

"ምንም አልነካም" አለችው። "እንዲሁ አንሣኝ።"