ያልተጸለየላት አክስቴ

የሆስፒታላችን ሐኪም ጸሎት ታማሚን ፈጥኖ ያሽር እንደሆነ በጥናት ሊያረጋግጥ ተነሣ። ዳሌያቸው ተሰብሮ ቀዶ ሕክምና ካደረጉ ስልሳ ሰዎች ለግማሾቹ ብቻ ይጸለያል። ጸሎተኞቹ ሌላ ሕንፃ ውስጥ ናቸው፤ የሚያውቁትም የታማሚውን ቁጥር ብቻ ነው። ለማን እንደሚጸለይ ከኮምፒውተሩና ከእኔ ከመዝጋቢዋ በቀር የሚያውቅ የለም። በዚህ መሀል አክስቴ ደረጃ ላይ ወድቃ ዳሌዋን ሰበረችና አርባ ሦስት ቁጥር ሆና ገባች።

"እኔ ከየትኞቹ ነኝ?" አለችኝ፣ ገና ከማደንዘዣው በቅጡ ሳትነቃ።

"መናገር ክልክል ነው።"

"ማን ነው ያሳደገሽ?"

ሦስት ቀን ቻልኩ። በአራተኛው፣ ካልተጸለየላቸው መሆኗ አመለጠኝ።

አልተቆጣችም። ሠርግ ሳትጠራ የቀረች ይመስል ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። "ደግሞ በቁጥር" አለች። "አርባ ሦስትን ማርልን ሲሉት እግዜር ጫማ የተጠየቀ አይመስለውም?"

በማግስቱ ምርኩዟን ይዛ አልጋ ላልጋ ዞረች። በክፍሉ ላሉት ስምንት ታማሚዎች ሳታዳላ፣ በየስማቸው እየጠራች፣ ጮክ ብላ ጸለየች። ለምታንኮራፋዋ ጡረተኛ መምህርት ሁለቴ።

ሐኪሙ እየሮጠ መጣ። "እማማ፣ እባክዎ እስከ ወሩ መጨረሻ ጸሎቱን ያቁሙልኝ። ጥናቴን እያበላሹብኝ ነው።"

"የማይሠራ ከሆነ ምን ያበላሽብሃል፣ ልጄ?"

"ይሥራ አይሥራ ገና አላወቅንም።"

"አንተ እስክታውቅ እነዚህ ሰዎች እያመማቸው ይቆዩ?"

ክፍሉ በሙሉ ከጥናቱ ተሰረዘ። ምስጢሩን ማን እንዳወጣው ለማጣራት ምርመራ አላስፈለገም፤ አክስቴ "የወንድሜ ልጅ ናት የነገረችኝ፣ ትባረክ" ብላ በሰው ፊት አመስግናኛለች። እኔም ወደ ካርድ ክፍል ተዛወርኩ።

አኩርፌ ሳምንት ሳልጠይቃት ቆየሁ። ስሄድ ኮሪደሩ ላይ እየተራመደች ነው። መምህርቷ "ያነሣሽ ጸሎትሽ ነው" ትላታለች።

"የምን ጸሎት? ለእናንተ ስዞር ለራሴ መች ፋታ አገኘሁ? ያስነሣኝ ያ እንቅስቃሴ የሚያሠራው ባለጌ ነው። እናቱን የማክል ሴትዮ 'እንደ ጆንያ ተጋድመሽ ልትቀሪ ነው?' ይለኛል።"

ከዚያ እኔን አየችኝ። "ነይ ደግፊኝ። ከሥራ አባረሩሽ አሉ?"

"አዛወሩኝ እንጂ።"

"ደግ አደረጉ። ምስጢር አትችይም።"

ተናድጄ ልሄድ ነበር፤ ግን ሙሉ ክብደቷን ክንዴ ላይ ጥላ ስለነበር አብሬያት ዞርኩ።