ቅቤ የጠጣው ገበቴ

ቢራራ ሚስቱ ካረፈች አራት ዓመት አልፏታል። ከደባርቅ ከፍ ብሎ ካለችው መንደሩ ገብስ ያርሳል፣ በበጋ ደግሞ እንጨት ይጠርባል፤ በዚያ አገር የሱ እጅ ያልነካው ሞፈርና ገበቴ ፈልጎ ማግኘት ጭንቅ ነው። ታዲያ ይኼ ሰው የዳባቷን ዓለምዬን ወደደ። ወደደ ስላችሁ እንደ ጎረምሳ ነው፤ ስሟ ሲነሳ መጥረቢያውን የት እንዳስቀመጠው ይጠፋዋል። ከጥምቀት በኋላ ሽማግሌ ላከባት። እሷ ባሏን ቀብራ ዳቦ እየጋገረች የምትኖር፣ ምላሷ የማያርፍ ሴት ናትና ሽማግሌዎቹን አብልታ አጠጥታ ስታበቃ፣ «ለናንተ መልስ አልሰጥም» አለቻቸው። «ለደብረ ዘይት የማኅበር ተረኛ እኔ ነኝ። የንፍሮ ማቅረቢያ ገበቴ በእጁ ሠርቶ ራሱ ያምጣልኝ። ያን ጊዜ መልሴን ከአፌ ይሰማል።»

ቢራራ ይኼን ሲሰማ ሌሊቱን አልተኛም። ከአዲ አርቃይ በጭነት መኪና ያስመጣው የዋንዛ ግንድ ግን ጉድ ይዞ መጣ፤ መሃሉ ላይ የቡጢ ያህል ጉጥ ተቀምጦበታል። ቆርጦ እንዳይጥለው ገበቴው ሊሰነጠቅበት ነው። ስለዚህ ጉጡን እየዞረ ጠረበው። አንዱ ከንፈሩ ከፍ፣ ሌላው ዝቅ ያለ፣ ጎኑ ያበጠ ገበቴ ወጣ። ታላቅ እህቱ ወርቄ አይታ በሳቅ ፈረሰች።

«ጥርሱን አሞት ፊቱ ያበጠ ሰው አስመሰልኸው እኮ!»

«ዝም በይ እትዬ፤ ገና መች ለሰለሰ!»

ገለባ ውስጥ ቀብሮ አደረቀውና በጠርሙስ ስባሪ መፋቅ ጀመረ። ክብ ገበቴ ቢሆን እጅ በልማዱ ይዞራል፤ የዚህኛው ፈቃድ ግን በየስንዝሩ ይለያያል። ጉጡን ከግራ ቢፍቁት ይሸረከታል፣ ከቀኝ ሲመጡበት እሺ ይላል። ቢራራ ተናደደ፣ ሰደበው፣ ወዲያው ደግሞ ይቅርታ ጠየቀው። በብርጭቆ ወረቀት አሸው፤ ውሃ ሲያርከፈክፍበት እንጨቱ ፀጉሩን አቆመ፤ አድርቆ እንደገና አሸው። ሦስት ጊዜ እንዲህ ካደረገ በኋላ ዓይኑን ጨፍኖ በጉንጩ ዳሰሰው። አንድም የሚቧጥጥ ነገር የለም። ብቻውን ሳቀ።

የቀረው ማወዛት ነው። አባቱ እንዳስተማረው፣ እሱም ሠላሳ ዓመት ሲያደርግ እንደኖረው፣ እጁን ወደ መደርደሪያው ሰደደ። ለፋሲካ ከሚጠራቀመው ቅቤ ዘግኖ ውስጡንም ውጩንም ቀባና ፀሐይ ላይ አሰጣው። ዋንዛው ቅቤውን ምጥጥ አደረገው። እንዴት ያለ መልክ አወጣ መሰላችሁ!

ወርቄ ገና ከደጅ አሸተተች። «ምንድን ነው የቀባኸው?»

«ቅቤ ነዋ!»

«ቅቤ? በሁዳዴ? ለጾመኛ ንፍሮ?»

«ወይኔ ጉዴ!» አለ ቢራራ ራሱን ይዞ።

ደብረ ዘይት ከነገ ወዲያ ነው። በፍል ውሃና በአመድ ፈተገው፣ ደግሞ ፋቀው፤ ሽታው ንቅንቅ አላለም።

«ኑግ ነው በላት፤ ማን ያውቅብሃል?» አለችው ወርቄ።

«ማኅበርተኛውን ሁሉ ላስገድፍ? ውሸት ይዤስ ሚስት ልለምን አልሄድም» አላት። አፉ እንዲህ ይበል እንጂ ልቡ ፍስስ ብሏል። ዓለምዬ ሁዳዴ ሲገባ ቅቤ የነካ ማንኪያ እንኳ ከዓይኗ የምታርቅ ሴት ናት። ጾም የማያውቅ ባለጌ ልትለው ነው። ነገሩ እንዳበቃለት ቆጠረው።

ቅዳሜ ጠዋት ከሚኒባስ ወርዶ፣ ገበቴውን በጋቢው እንደጠቀለለ ደጃፏ ላይ ቆመ።

«ይግቡ እንጂ!» አለች ዓለምዬ፣ ሊጥ የነካ እጇን እየጠረገች።

«አልገባም። እጄ እንደለመደው ቅቤ ቀብቼዋለሁ። ጥፋቱ የኔ ነው። ሳይሸትዎት ልናገር ብዬ ነው የመጣሁ።»

ዓለምዬ ጋቢውን ገለጥ አድርጋ አየች። መንካቱን ፈራ ተባ አለችና አላስችል ሲላት መዳፏን አሳረፈችበት። መዳፏ ያበጠው ጎን ላይ ሲደርስ ቆመ።

«እዚህ ጋ ስንት ጊዜ ቢፍቁት ነው እንዲህ የለሰለሰ?»

«አልቆጠርሁም።»

ሳቋ መጣ። መቃኑን ይዛ፣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ከዚያ ኮስተር አለች። «በሉ ይዘውት ይመለሱ። ይኼ ገበቴ በጾም ከቤቴ አይገባም። ለነገው ሰፌድ እዋሳለሁ።»

ቢራራ አንገቱን ደፍቶ ጋቢውን መጠቅለል ጀመረ። «ለፋሲካ ላምጣልዎት?»

«ምን ሲሉ ያመጡታል? እርስዎ ቤት ይቀመጥ። ለፋሲካ እኔው ወዳለበት እመጣለሁ።»

ቢራራ መጠቅለሉን ትቶ አፈጠጠባት።

«ምን ያፈጡብኛል? መልስ አልፈለጉም ነበር? ሽማግሌዎቹን ይላኩና ቀን ይቆረጥ። ዶሮውንም ከአሁኑ ያፈላልጉ፤ የፋሲካ ሰሞን ዋጋው አይቀመስም!»

ሰውዬው መኪና መሳፈሩን ረስቶ፣ ገበቴውን አቅፎ የደባርቅን መንገድ በእግሩ ተያያዘው። ሚኒባስ የሚባል ነገር መኖሩ ትዝ ያለው ብዙ ተጉዞ ወቅን ከተማ ከደረሰ በኋላ ነው።