ከረጢቱን የሚፈታው እጅ

ሴትየዋ ሥራዋ መጠየቅ ነው። ሆስፒታሉ አዲስ አሠራር ወይም አዲስ የኮምፒውተር ሲስተም ሲያምረው፣ ሠራተኛውን እየዞረች «ምን ትፈልጋላችሁ? ለምን?» ብላ ጠይቃ፣ መልሱን በቁጥር በቁጥር አድርጋ የምትጽፈው እሷ ናት። አንዱ ቁጥር አንድ መስፈርት ይባላል። አንድ ችግር አምስት ጊዜ «ለምን?» ካልተባለ ሥሩ አይገኝም ብላ ስለምታምን፣ ከዘበኛው እስከ ዳይሬክተሩ ሁሉም «ወይዘሪት ለምን» ይሏታል። አንዳንዱ በፍቅር ነው። አብዛኛው ግን ገና ከሩቅ ሲያያት ስልክ የተደወለለት መስሎ ይወጣል።

የዘንድሮው ጉዳይ አንሶላ ነበር። የሆስፒታሉ አንሶላዎች የውሃ ሽታ እየሆኑ ስላስቸገሩ፣ ዳይሬክተሩ እያንዳንዱን አንሶላ የሚቆጥር ሲስተም እንዲሠራ አዘዘ። ወይዘሪት ለምን እንደ ልማዷ አንድ አንሶላ መርጣ ከአልጋ እስከ አልጋ ልትከተለው ተነሣች። አንሶላው ከቀዶ ጥገና ዋርድ ተገፈፈ፣ ከረጢት ውስጥ ተጠቀጠቀ፣ በጋሪ ምድር ቤት ወረደ። እሷም ማስታወሻ ደብተሯን ይዛ ወረደች።

የላውንደሪው በር ሲከፈት የመታት ሽታ ስም የለውም። ደም አለበት፣ ሽንት አለበት፣ ሁለት ቀን ያደረ መግል አለበት፤ በዚያ ሁሉ ላይ ደግሞ እኔ እሸፍነዋለሁ ብሎ የተነሣ የሎሚ ሳሙና ተጨምሮበታል። ከሁሉም የከፋው ሎሚው ነው። ከረጢቱ ሲፈታ አንሶላዎቹ እርስ በርስ ተጣብቀው እንደ ቆዳ እየተላጡ ወጡ። በአንዱ ውስጥ የበሽተኛ ምግብ ትራፊ ተጠቅልሏል፤ በሌላው ውስጥ ፋሻ፣ ከቁስሉ የተላቀቀው ነገር ሳይለየው። ወይዘሪት ለምን ሦስተኛውን መስመር ሳትጨርስ ወደ መታጠቢያው ሮጣ ቁርሷን መለሰችው።

«እሱንም ጻፊው» አለቻት ከረጢት የምትፈታው ሴት፣ ዞር እንኳን ሳትል።

ይህች ሴት አክስቷ ናት። የእናቷ ታናሽ ስትሆን፣ እናቷ ከሞተች ወዲህ ያሳደገቻትም እሷው ናት። ላውንደሪው ውስጥ አስራ ዘጠኝ ዓመት ሠርታለች። ዝምድናቸውን እዚያ ቤት ማንም አያውቅም፤ አንቺ ላይ ተንጠላጥዬ አፍ አወጣሁ እንዳይሉኝ ብላ አስምላታለች። ሌላው ሠራተኛ ወጣ ሲል ከመደርደሪያው ጀርባ አንድ የማርማላታ ጠርሙስ አውጥታ አሳየቻት። በውስጡ መርፌ ብቻ ነው። በአንድ ዓመት ከአንሶላ ውስጥ የለቀመችው አምሳ ሁለት መርፌ። አምሳውን ያገኘችው በዓይኗ ነው፤ ሁለቱን በመዳፏ። ከሁለተኛው በኋላ አንድ ወር ሙሉ የኤች አይ ቪ መከላከያ ክኒን ውጣለች፤ የዋጠችውን እያስመለሳት፣ ያንኑ እንደገና እየዋጠች። እስከ ዛሬ የደም ምርመራዋ ንጹሕ ነው። ሦስተኛ ጊዜ ከመጣ ግን እንጃ ትላለች።

ወይዘሪት ለምን ጠርሙሱን ይዤ ልውጣ ብትል አክስቷ ክዳኑን አጥብቃ ዘጋችው። «ይሄ ከዚህ የወጣ ቀን እኔም አብሬው እወጣለሁ» አለቻት።

ስለዚህ በጠርሙሱ ፋንታ መስፈርት ጻፈች። ቁጥሩ አስራ ሰባት ነው፦ ከረጢት ከመታሰሩ በፊት አንሶላው እዚያው ዋርዱ ውስጥ አንድ በአንድ ይራገፍ፤ ያራገፈው ነርስ ስም ሲስተሙ ላይ ይመዝገብ፤ ስም ያልገባለት ከረጢት አይላክ። ሌሎቹ ስልሳ መስፈርቶች የአንሶላ ናቸው። ይህ አንዱ ብቻ የእጅ ነው።

ስብሰባው አምስተኛ ፎቅ ላይ ሆነ። ግድግዳው ላይ አራት ርዕስ ተለጥፏል፦ «የግድ»፣ «ቢኖር ጥሩ»፣ «ከተቻለ»፣ «ለአሁኑ ይቅር»። ባለድርሻ አካላት የተባሉት ሦስት ናቸው፦ ዳይሬክተሩ፣ የነርሶች አለቃ የሆነችው ሜትሮን እና የንብረት ክፍል ኃላፊው። በቢጫ ወረቀት የተጻፈውን መስፈርት እየተነሡ ከየርዕሱ ሥር ይለጥፋሉ። ጠረጴዛው ላይ የክሬም ኬክ ቀርቧል። የንብረት ኃላፊው ክሬሙን በጣቱ ይጠርጋል፣ ጣቱን ይልሳል፣ በላሰው ጣት የሚቀጥለውን ወረቀት ያነሣል። ሜትሮኗ ስትናገር የኬኩ ፍርፋሪ ከአፏ እየወጣ ሰነዱ ላይ ያርፋል፤ በመዳፏ ጠረግ አድርጋ ወደ ወይዘሪት ለምን በኩል ትሰደዋለች።

ከስልሳ አንዱ መስፈርት አምሳ አራቱ «የግድ» ሥር ተከመሩ። ሲስተሙ ሲከፈት የዳይሬክተሩ ፎቶ ይታይ የሚለውም የግድ ሆነ። ፍሬሙ ወርቃማ ይሁን የሚለውን ግን ዳይሬክተሩ ራሱ ተነሥቶ «ቢኖር ጥሩ» ሥር አወረደው። ትሕትና ነው።

አስራ ሰባት ቁጥር ላይ ሲደርሱ ሜትሮኗ ሁለቴ አነበበችው። የእሷ ነርሶች ስማቸው የቆሻሻ ከረጢት ላይ እንደማይጻፍ ተናገረች። ዳይሬክተሩ ይህን የጠየቀው ማን እንደሆነ ለማወቅ ፈለገ፤ ሰነዱ ላይ ከእያንዳንዱ መስፈርት አጠገብ ምንጩ ይጻፋልና።

«የላውንደሪ ሠራተኛ» አለች ወይዘሪት ለምን።

«የላውንደሪ ሠራተኛ ባለድርሻ አካል አይደለችም» አለ ዳይሬክተሩ። «ሲስተሙ የሚጫንበትን ታብሌት እንኳን የምትነካው እሷ አይደለችም።»

የንብረት ኃላፊው ጣቱን ልሶ አስራ ሰባትን አነሣና «ለአሁኑ ይቅር» ሥር ለጠፈው። ቢጫው ወረቀት ላይ የክሬም አሻራ ቀረ። አምስት ጊዜ ለምን የምትለዋ ሴት ያን ቀን አንዴም አላለችም። «እሺ» ብላ ጻፈች። የምድር ቤቱን ሽታ በሳሙና አስለቅቃዋለች፤ ያቺ እሺ ግን ሳምንቱን ሙሉ አፏ ውስጥ ከረመች።

እሑድ ከሰዓት አክስቷ ቤት ድንች እየላጡ የሆነውን ነገረቻት። አክስቷ ባለድርሻ አካል አለመሆኗን ስትሰማ ብዙ ሳቀች። አስራ ዘጠኝ ዓመት ድርሻዬ ምን እንደሆነ ሳላውቅ ኖርኩ፣ ለካ የለኝም አለች። ከዚያ ወይዘሪት ለምን ልማዷ ተነሣባት።

«እቴቴ፣ ለምን ተወጋሽ?»

«ጓንቱ ስስ ነዋ።»

«ለምን ስሱን ይሰጧችኋል?»

«ወፍራሙ ለኛ አልተመደበማ።»

«መርፌውስ ለምን አንሶላ ውስጥ ይገባል?»

«ነርሷ ስለምትቸኩል ጠቅልላ ትወረውራለች።»

«ለምን ሳታይ ትወረውራለች?»

«እታች ምን እንደሚያደርስ አይታ ስለማታውቅ። ማንም አሳይቷት አያውቅም።»

«ለምን?»

አክስቷ የድንቹን ዓይን በቢላዋ ጫፍ ነቅላ ጣለች። «ከረጢቱን የሚፈታው እጅ የራሷ አይደለማ። ያለቃዋም አይደለም» አለች።

ወይዘሪት ለምን መላጡን ተወችው። የግድ የተባለ መስፈርት ሁሉ፣ መሟላቱ የሚረጋገጥበት ፈተና ይጻፍለታል፤ በርክክብ ዕለት ፈተናውን ያላለፈ ሲስተም አይረከቡትም። መስፈርት ቁጥር አንድ ደግሞ የዳይሬክተሩ የራሱ ነው፦ ላውንደሪ የሚደርስ ከረጢት ሁሉ ቆጠራው ትክክል ይሁን። ገጽ ሰባ አንድ ላይ ፈተናውን እንዲህ ብላ ጻፈችው፦ ይህን ሰነድ የሚፈርሙት ሦስቱም ባለድርሻ አካላት ከየዋርዱ የመጣ አንድ አንድ የታሰረ ከረጢት ራሳቸው ፈትተው፣ የላውንደሪ ሠራተኞች በሚጠቀሙበት ጓንት አንሶላውን አንድ በአንድ እያወጡ ይቆጥራሉ።

አልደበቀችውም። ሰነዱን አስቀድማ ላከችላቸው፤ በፊርማው ዕለትም ገጽ ሰባ አንድ ላይ አስተያየት ካላችሁ ብላ ጠየቀች። ዳይሬክተሩ ወደ መጨረሻው ገጽ እለፊ አለ። እንደማያነቡ ታውቃለች። ባለፈው ዓመት ከሌላ ሥራ የተረፈ የአውቶቡስ መናኸሪያ መስፈርት ሁለት ገጽ ሙሉ ሰነዱ ውስጥ ረስታ ነበር፤ ዓይናቸውን ሳያሹ ሦስቱም ፈርመውበታል። ሆስፒታሉ እስከ ዛሬ ድረስ በወረቀት ደረጃ ስድስት የአውቶቡስ ማቆሚያ አለው።

ርክክቡ ከሦስት ወር በኋላ በአንድ ማለዳ ሆነ። ባለድርሻዎቹ ሽቶ ተቀብተው፣ አፍንጫቸው ላይ ጭንብል ደራርበው ምድር ቤት ወረዱ። ታብሌቱ ተከፈተ፤ የዳይሬክተሩ ፎቶ ፈገግ አለ። ሦስት ከረጢት መሬት ላይ ተደርድሯል፤ አንደኛው ከታች ወርዝቶ ወለሉ ላይ ቡናማ ውሃ ይተፋል። ወይዘሪት ለምን ገጽ ሰባ አንድን አነበበች።

«ይሄን ማነው የጻፈው?» አለ ዳይሬክተሩ።

«እኔ ነኝ። የፈረሙት እርስዎ ነዎት።»

አክስቷ ሦስት ጥንድ ጓንት አምጥታ አደለቻቸው። ጓንቱ ከመሳሳቱ የተነሣ የዳይሬክተሩ የጣት ቀለበት በውስጡ ያበራል። የንብረት ኃላፊው ወፍራም የለም ወይ ብሎ ጠየቀ፤ ይህን ከእርስዎ የተሻለ የሚያውቅ የለም ተባለ። ጎንበስ አለና ሽታው በጭንብሉ ሲገባ ወደ ግድግዳው ዞሮ ሊያስመልሰው ዳዳ። ሜትሮኗ ግን አልጎነበሰችም። ከረጢቷ ላይ ያለውን ጽሑፍ አይታለች፤ የቀዶ ጥገና ዋርድ ይላል።

«እኔ እጄን አላስገባም» አለች።

«ለምን?»

«መርፌ ይኖራል።»

ሊኖር ይችላል አላለችም። ይኖራል ነው ያለችው፤ ወይዘሪት ለምን ቃል በቃል ጻፈችው። ዳይሬክተሩ ጓንቱን በሁለት ጣት ገፎ ጣለውና፣ ማንንም ሳያይ፣ አስራ ሰባትን የግድ አድርጊው አለ።

«ምንጩን ማን ልበል?»

«ማኔጅመንት።»

ዓይኑን በጨው አጥቦ ነው የተናገረው። ወይዘሪት ለምን ጉሮሮዋ ድረስ የመጣውን መልሳ ዋጠችና «ማኔጅመንት» ብላ ጻፈች። አገልግሎት እስከሰጠ ድረስ ቆሻሻ ቃልም ይጻፋል። ሲስተሙ እስኪስተካከል ስድስት ሳምንት ይፈጃል ተባለ። ዳይሬክተሩ ወደ በሩ እያመራ፣ እስከዚያ ሥራው እንደ ቀድሞው ይቀጥል አለ፤ በአገጩም ወደ ከረጢቶቹና ወደ አክስትየዋ አመለከተ።

አክስቷ ባልዲ ገልብጣ ተቀመጠችበት። በአስራ ዘጠኝ ዓመት በሥራ ሰዓት ስትቀመጥ የመጀመሪያዋ ነው።

«ሰነዱ ፈራሚዎቹ ይፍቱት ነው የሚለው» አለች ቀስ ብላ። «እኔ ባለድርሻ አካል አይደለሁም።»

ማንም ለመጮኽ አልደፈረም፤ መርፌ ይኖራል የሚለው ቃል ገና ደብተሩ ላይ አልደረቀም። እኩለ ቀን ሳይሆን፣ ፎቅ ላይ ያሉት አልጋዎች አንሶላ አጥተው ባዶ ፍራሽ እንደሚሆኑ ደግሞ ሁሉም ያውቃል። ሜትሮኗ ስልኳን አውጥታ ወደ ቀዶ ጥገና ዋርድ ደወለች። ሁለት ነርሶች ትሪና ረጅም መቆንጠጫ ይዘው፣ ወፍራም ጓንት አጥልቀው ወረዱ። ከረጢቱን ፈትተው አንሶላውን አንድ በአንድ ማራገፍ ጀመሩ። አራተኛው ላይ አንዲት ነገር ሲሚንቶው ላይ ወድቃ ጠቅ አለች። ነርሷ በመቆንጠጫው አንሥታ የት እንደምታደርጋት ዙሪያዋን ፈለገች።

አክስቷ ከባልዲው ሳትነሣ በአገጯ መደርደሪያውን አሳየቻት።

«ከጀርባው ጠርሙስ አለ» አለቻት። «ክዳኑ ይጠብቃል፤ ጠንከር አድርጊው።»